ወይዘሮ የሺሃረግ ይበልጣል እና ያልደረሳቸው መርዶ

ወይዘሮ የሺሃረግ ይበልጣል ከአባታቸው ከአቶ ይበልጣል ወልደአማኑኤል፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ አበራሽ ግዛቸው፣ በቀድሞው አጠራር በአርሲ ጠቅላይ ግዛት፣ ከሮቤ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ወጣ ብሎ ባለው በዚሁ በሚካኤል አጥቢያ፣ መስከረም 14 ቀን 1936 ዓ.ም. ተወለዱ። ደመራ ሊደመር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ኃይለመስቀል ይበልጣል ነው። ከቤተሰቡ በዕድሜ የቀረው እሱ ስለሆነ ጻፈ እንጂ የተገባው ሆኖ አይደለም። ስለ ራሱም እንደ ሌላ ሰው አድርጎ ይጽፋል፤ ሌላውን ሁሉ አንቱ ሲል ራሱን አንተ ይላል። ለምን እንደሆነ ንባቡ ሲገፋ ትደርሱበታላችሁ። የምታነብላችሁ የልጅ ልጁ መክሊት ናት። በምታነበው ነገር እሷ ጥፋት የለባትም፤ ድምፅዋ ቢያዝ ፋታ ስጧት። ፀሐዩ የከበዳችሁ ወደ ጥዱ ጠጋ በሉ። ሣጥኑ ላይ የተዘረጋው ነጠላ ዛሬ የተገዛ አይደለም፤ እሱም የራሱ ታሪክ አለው፤ ይደረስበታል።

አባታቸው አቶ ይበልጣል የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ነበሩ። ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው፤ ሁለት ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅ፣ ጽዋው በማን ቤት እንደሚውል የሚያዝ። ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ፊታቸው የማይፈታ፣ ግን እጃቸው ለተራበ የማይዘጋ ሰው ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ አበራሽ ደግሞ ትንሽ ሰው፣ ሳቂታ፣ አንድ እግራቸውን የሚያማቸው ሴት ነበሩ። ከወለዷቸው ያደጉላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የሺሃረግና በአራት ዓመት የሚያንሰው ኃይለመስቀል።

የሺሃረግ ዜማ የጀመሩት በገብስ አጨዳ ነው። ደቦ ሲጠራ አጫጁ ይዘፍናል፣ እሳቸው ከኋላ ነዶ እየሰበሰቡ ይቀበላሉ። ሰው ሁሉ ማጭዱን አቁሞ ዞር ብሎ ያያቸው ነበር። ኦሮምኛውን ዜማ ያስተማሯቸው ጎረቤታችን ወይዘሮ አሚራ ናቸው። ወይዘሮ አሚራ በገበያው መንገድ ላይ ጨው፣ ላምባና ሳሙና የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። በዚያን ጊዜ በአካባቢው ራዲዮ የነበረው እዚያ ሱቅ ብቻ ነው።

ወይዘሮ የሺሃረግ በሮቤ እስከ አራተኛ ክፍል፣ ከዚያም አሰላ ዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። አሰላ ሳሉ መምህር ዕዝራ የሚባሉ፣ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ አስተማሪ፣ በወላጆች በዓል ላይ አዘፈኗቸው። በዚያ በዓል ከአዲስ አበባ የመጣ የሙዚቃ ጓድ ተጋብዞ ነበር። ሰዎቹ ድምፁን ሰሙ፣ ጠየቁ፣ እሳቸውም እሺ አሉ። በ1953 ዓ.ም. በአሥራ ሰባት ዓመታቸው፣ ለአባታቸው ሳይናገሩ፣ ለእናታቸው ግን ተናግረው አዲስ አበባ ገቡ።

በ1955 ዓ.ም. ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በራዲዮ ተሰማ። አባታቸው የሰሙት ከሰው አፍ ነው። በማኅበሩ ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ስሜን ከዘፈን ጋር አንድ ላይ የጠራ አፍ ከቤቴ እህል አይቀምስም» አሉ። ይህ ቃል አዲስ አበባ ደረሰ። የራዲዮው ሰዎች «የሺሃረግ ማን ብለን እናስተዋውቅሽ?» ሲሏቸው «አበራሽ በሉኝ» አሉ። የእናታቸውን ስም ከራሳቸው አስከትለው «የሺሃረግ አበራሽ» ተባሉ። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በዚህ ስም ነው። በሕይወት ታሪካቸው ግን የአባታቸው ስም ከላይ ተጽፏል። የተገኙት ከእሳቸው ነውና።

በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ዘፋኞች በራዲዮ እየቀረቡ ለዘመድ ለወዳጃቸው እንኳን አደረሳችሁ ይሉ ነበር። ወይዘሮ የሺሃረግ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «አርሲ፣ ሮቤ፣ ለእናቴ ለወይዘሮ አበራሽ ግዛቸው፣ እንኳን አደረሰሽ። ይህች ዘፈን ለአንቺ ናት።» ከዚያ «የጭላሎ ጉም» የሚለውን ይዘፍናሉ።

የጭላሎን አናት ጉም ሸፍኖት ባየው፣
ደመና መሰለኝ፣ ለካ ናፍቆቴ ነው።

ወይዘሮ አበራሽ ይህን ለመስማት ወደ አሚራ ሱቅ ይሄዱ ነበር። ራዲዮ ልሰማ ብለው ከቤት መውጣት አይችሉም፤ ስለዚህ ጨው ልገዛ ይላሉ። በዓመት በዓሉ ብቻ አይደለም፤ ልጄ ዛሬ ትዘፍን ይሆናል ባሉ ቁጥር ነው። ወይዘሮ አሚራ ይቀልዱባቸው ነበር፤ «ያ አበራሽ፣ ያንቺ በሬዎች በዚህ ዓይነት ዝዋይ ሐይቅን ጠጥተው ይጨርሳሉ።» አቶ ይበልጣል ጓዳው በጨው መሙላቱን ያዩ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ግን ይህ ሁሉ ጨው ምን ይሆናል ብለው አልጠየቁም። ወንድ ልጃቸው ያን ጊዜ አልገባውም ነበር፤ ዛሬ ገብቶታል።

ወይዘሮ አበራሽ ኅዳር 3 ቀን 1963 ዓ.ም. በአራት ቀን ሕመም ዐረፉ። በተቀበሩ ማግስት አቶ ይበልጣል ልጃቸውንና የሟች ወንድም የሆኑትን አቶ ይስሃቅን ጠርተው እንዲህ አሉ፤ «ዘፋኝም ብትሆን እናት አላት። መርዶዋን በአግባቡ አድርሱላት።»

እዚህ ላይ ለልጆች ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ዛሬ በስልክ ሆኗልና። መርዶ በቀን አይነገርም። ማለዳ፣ ሰውየው እህል ሳይቀምስ፣ ዘመድና ጎረቤት ይዘው ገብተው ነው የሚያረዱት። ፊት መታጠቢያ ውኃ ይያዛል፣ የሚደግፍ ክንድ ይዘጋጃል። ነጋሪው ቀድሞ ከደረሰና «እገሌ ደህና ነው ወይ?» ቢባል፣ እስኪነጋ ድረስ «ደህና ነው» ይላል። ይህ እንደ ውሸት አይቆጠርም፤ እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል። ማለዳው እስካለ ድረስ።

አቶ ይስሃቅ ናዝሬት ሲደርሱ ወባ ጣላቸው። ኃይለመስቀልን እንዲህ አሉት፤ «አንተ ሂድ። አዲስ አበባ ካሉት የሮቤ ልጆች ሁለት ሦስት ሰው ይዘህ ግባ። መርዶ በአንድ አፍ አይነገርም።»

ኃይለመስቀል ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነው። ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ፣ አሰላ የዘር መጋዘን ሥራ የያዘ፣ ኮት የለበሰ። አዲስ አበባ ገብቶ ሁለቱን የሮቤ ልጆች በሚሠሩበት የልብስ ስፌት ቤት አገኛቸውና ነገራቸው። አንደኛው መቀሱን አስቀምጦ «ዘፋኝ ቤት ለቅሶ? ከበሮውን ማን ሊመታልን ነው?» አለ። ሁለተኛው «እኔ ገና ሚስት አገባለሁ እያልኩ ነው፤ እዚያ ሰፈር ብታይ ማን ይድርልኛል?» አለ። ሳቁ።

ወገኖች፣ ኃይለመስቀልም ሳቀ። እናቱ ከተቀበረች ሳምንት አልሞላትም፤ በእህቱ ላይ አብሮ ሳቀ። በዚህች ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ በፊት ያፈረባት ነገር ይህች ናት፤ ሌላው ሁሉ ከእሷ የተወለደ ነው።

ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ ራዲዮ ጣቢያው በር ሄደ፤ ቤታቸውን አያውቅምና። ዘበኛው ገብቶ ጠራቸው። ወይዘሮ የሺሃረግ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው፣ ከሙዚቀኞቹ ጋር እየተሳሳቁ ወጡ። ሲያዩት ጫማቸው አንዱ እስኪወልቅ ሮጡ። አንገቱን ይዘው «የእናቴ ልጅ» አሉ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ አቶ ፊሊጶስ፣ ኋላ ባለቤታቸው የሆኑት፣ «የሺ፣ ወንድም የለኝም ስትይን አልነበረም?» አሏቸው። «የለኝም አላልኩም፤ አልመጣም ነው ያልኩት» ብለው መለሱ።

«እማዬስ?»

«ደህና ናት» አለ ኃይለመስቀል። ገና ቀን ነበርና።

«እግሯስ?»

«ደህና ነው።»

«ማን ላከህ?»

«አባዬ።»

ይህ እውነት ነበር። እሳቸው ግን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አባቴ ታረቀኝ ብለው ነው የተረዱት። ስምንት ዓመት የጠበቁት ቃል ነበር። በዚያው ቀን ሳይመሽ መርካቶ ይዘውት ሄዱ፤ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላና በእጅ የሚያዝ ትንሽ ራዲዮ ገዙ። የሚያገኙትን ሁሉ «ወንድሜ ነው፤ አባቴ ልኮት ነው» ይሉ ነበር። አገር ለመግባት ግን አባታቸው ራሳቸው እስኪጠሯቸው ሊጠብቁ ቆረጡ።

ሲነጋ ኃይለመስቀል ሲነሣ እሳቸው ቀድመውት ተነሥተዋል። ራዲዮኑን በነጠላው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። የጨውን ነገር ከነጋዴዎች ሰምተው ኖሮ «በል እንግዲህ» አሉት፣ «ንገራት፤ ከእንግዲህ ጨው መግዛት ይበቃታል።»

ማለዳው ያ ነበር። ሰዓቱ ያ ነበር። እህልም አልቀመሱም። ከጎኑ የሚያለቅስ ሽማግሌ ቢኖር ኖሮ አፉ በተከፈተ። ብቻውን ነበር። ብቻውን የሆነው ደግሞ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ሰው ሲስቅ አብሮ ስለ ሳቀ ነው። ጥቅሉን ተቀበለ። «እነግራታለሁ» አለ። አውቶቡስ ተሳፈረ።

ናዝሬት ላይ አቶ ይስሃቅ ተሽሏቸው ይጠብቁት ነበር።

«አረዳችኋት?»

«አረዳናት» አለ።

«ምን አለች?»

«አለቀሰች።»

«ለአርባዋ ትመጣለች?»

«ሥራ አለብኝ ብላለች» አለ።

ይህች ቃል ከናዝሬት እስከ ሮቤ ሳምንት አልፈጀባትም። የወይዘሮ አበራሽ ተዝካር ሴት ልጃቸው በሌሉበት ወጣ። ድንኳኑ ውስጥ አንዱ ለሌላው «ሥራ አለባት አሉ» ይል ነበር። ቀስ በቀስም ተረት ሆነች። ውኃ ቅጂ ተብላ እምቢ ያለች ልጅ፣ ደቦ የቀረ ጎረምሳ፣ «እንደ የሺሃረግ ሥራ አለብኝ አልክ?» ይባላል። ከሮቤ እስከ አርቦዬ ይህን ተረት ያልተረተ የለም። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ውስጥም ትናንት የተረታችሁት ትኖራላችሁ። ከወዴት እንደመጣች ግን አታውቁም ነበር። እንግዲህ ዕወቁ፤ ወይዘሮ የሺሃረግ ይህን ቃል አንድ ቀን አልተናገሩም። የኃይለመስቀል ፈጠራ ነው።

መስከረም 1 ቀን 1964 ዓ.ም. አሚራ ሱቅ ሰው ሞልቷል። ራዲዮው ተከፍቷል። የወይዘሮ የሺሃረግ ድምፅ መጣ፤ «አርሲ፣ ሮቤ፣ ለእናቴ ለወይዘሮ አበራሽ፣ እንኳን አደረሰሽ። ዘንድሮ እቤትሽ ሆነሽ እንደምትሰሚኝ ስለማውቅ ደስ ብሎኛል።» አሥር ወር ሆኗቸዋል ወይዘሮ አበራሽ ከተቀበሩ። በሱቁ ካለው ሰው አንዱ «አብዳለች» አለ። ሌላው «በእናቷ መቃብር ቀለደች» አለ። ነገሩ አቶ ይበልጣል ዘንድ ሲደርስ ወጥተው ከብቶቹ ዘንድ ቆሙ። ወይዘሮ አሚራ ግን ከሰው መሀል ኃይለመስቀልን ፈልገው አዩት። እሱ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በዓመቱ ድምፃቸው ደግሞ መጣ። «እማዬ፣ ባትሪው ካለቀ ለኃይሌ ንገሪው፤ እልክልሻለሁ።» ወይዘሮ አሚራ ዘፈኑ ሳይጀመር ራዲዮውን ዘጉት። በሳምንቱ ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው አዲስ አበባ ሄዱ። የሚያውቋቸውን ሁለት ሴቶች አስከትለው፣ ውኃ አስይዘው፣ ማለዳ በሩን አንኳኩ። እንዲህ እንዳሉ ራሳቸው ኋላ ተናግረዋል፤ «ያ የሺ፣ እኔ የሥጋ ዘመድሽ አይደለሁም። ጨው ሻጭ ነኝ። ግን መርዶሽ ሁለት ዓመት መንገድ ላይ ቀርቶ አገኘሁትና ይዤልሽ መጣሁ።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ጥቁር ለብሰው ከወይዘሮ አሚራ ጋር አገራቸው ገቡ። ወደ መቃብሩ ሄደው የቆዩትን ያህል ቆዩ። ከዚያ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ አቶ ይበልጣል ከዋርካው ሥር ተቀመጡ፣ ኃይለመስቀል ከወንበራቸው ኋላ ቆመ። አባትየው «እናትሽ ምን አድርጋሽ ነው? በአርባዋ ቀረሽ፤ አነሰሽና በራዲዮ ተሳለቅሽባት?» አሉ።

ወይዘሮ የሺሃረግ ቀና ብለው ወንድማቸውን አዩት። አንድ ጊዜ ብቻ። ኃይለመስቀል በሃምሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ያን ዐይን ያላየበት ቀን የለም። አንዲት ቃል ብትወጣቸው እሱ ከዚያ ቀዬ ይወጣ ነበር። ወይዘሮ አሚራ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ወይዘሮ የሺሃረግ እጃቸውን ያዝ አደረጓቸው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባዬ። ይቅር ይበሉኝ» አሉ።

ሽማግሌዎች ሲለምኗቸው አቶ ይበልጣል ይቅር አሉ። በአፋቸው ነው ያሉት። በ1974 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ከልጃቸው ጋር በአንድ ገበታ አልቀረቡም። ለዚህም የኃይለመስቀል አፍ ዝግ ነበር።

በዚያን ቀን ማምሻ ላይ ጎተራው ጋ አግኝቷቸው «እትዬ፣ ለምን?» አላቸው። «አባዬ አንድ ልጅ አጥቷል» አሉት፤ «ሁለት እንዳያጣ ነው።» ቀጥለውም «ራዲዮኑን የት አደረግከው?» አሉ።

«ጎተራ ውስጥ ነው። ገብሱ ሥር።»

«አይጥ እንዳይበላው» ብለው ሄዱ።

ወይዘሮ የሺሃረግ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ዘፍነዋል። ከሠላሳ የማያንሱ ዘፈኖች በራዲዮ ተቀድተውላቸዋል፤ ሦስቱ በኦሮምኛ ናቸው፤ የአንዱ ዜማ የወይዘሮ አሚራ ነው። ከሙዚቃ ጓዱ ጋር ያልሄዱበት ጠቅላይ ግዛት ጥቂት ነው። በእንቁጣጣሽ ዝግጅት ግን ዳግመኛ አልቀረቡም። ቢለመኑም «እኔ የምልክበት አድራሻ የለኝም» ይሉ ነበር። ሰው ኩራት ይመስለው ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ከአቶ ፊሊጶስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ከሙሽራዋ ወገን የተገኙት ወይዘሮ አሚራ ብቻ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. ልጃቸው ሰሎሜ ተወለደች። አቶ ይበልጣል በሞቱ ጊዜ መርዶውን አዲስ አበባ ያደረሱት አቶ ይስሃቅ ናቸው፤ ኃይለመስቀልን ሂድ ቢሉት ራሴን አመመኝ አለ። አቶ ፊሊጶስ በ1985 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወይዘሮ የሺሃረግ ጡረታቸውን ይዘው በ1987 ዓ.ም. አሰላ ገቡ። ኃይለመስቀል ያን ጊዜ ሚስት አግብቶ፣ አራት ልጆች ወልዶ፣ የዕድር ዳኛ ሆኖ ነበር። ነጠላውንና ራዲዮኑን ወስዶ ሰጣቸው። ነጠላው አንድ ቀን አልተለበሰም፤ ራዲዮኑም አንድ ቀን አልተከፈተም። ተቀብለው ቁም ሣጥን ውስጥ አኖሩት።

አሰላ እንደገቡ ዕድር ሊገቡ አመለከቱ። ስማቸው ሲነበብ አንዲት ሴት ከኋላ ተነሥተው «በእናቷ ሞት ሥራ ያለባት፣ በእኛ ሞት ምን ልትሠራልን ነው?» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ዳኛው ኃይለመስቀል ነበር። ዳኛው መዝገቡን ገለጠና «ወደሚቀጥለው እንለፍ» አለ። ወይዘሮ የሺሃረግ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። በር ላይ ጠብቀውት «ኃይሌ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ግባ፤ ጉንፋን አይለቅህም አንተ» አሉት። ያን ቀን የዘነበው ዝናብ እስከ ዛሬ አጥንቱ ውስጥ አለ።

እሳቸው ምን እንዳደረጉ ግን እናንተው ታውቃላችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አባል ሳይሆኑ፣ ለቅሶ ባለበት ቤት ሁሉ ማለዳ እየደረሱ የዕድሩን ድስትና ሳህን አጠቡ። በዕድሩ ወግ አባል ያልሆነ ሰው ንፍሮ አይቀርብለትም፤ ሳይቀርብላቸው አጥበው ይሄዱ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የእኚያው ሴት ባል ሞቱ። ቀድመው የደረሱት ወይዘሮ የሺሃረግ ናቸው። ከዚያ በኋላ ነው ስማቸው በመዝገብ የገባው፤ የጻፉትም እኚያው ሴት ናቸው እንጂ ኃይለመስቀል አይደለም።

በስተርጅና ዘመናቸው አሰላ ትወዳቸው ነበር። የባጃጅ ልጆች ከስልካቸው ላይ «የጭላሎ ጉም»ን እየከፈቱ «እማማ የሺ፣ ይህ የማን ድምፅ ነው?» ይሏቸዋል። «የአንዲት ጎበዝ ልጅ ነበር፤ አሁን ጉሮሮዋን ታማለች» ይሉ ነበር።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። ባለፈው ታኅሣሥ አሰላ ሆስፒታል ገብተው ሲታከሙ ሰነበቱ፤ ሐኪሞቹና ነርሶቹ በብዙ ትዕግሥት አስታመሟቸው። አንድ ቀን ኃይለመስቀል አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ «እትዬ፣ ልናገረው ነው» አላቸው። ምኑን አላሉም፤ ያውቃሉ። «ተው» አሉት። «የልጅ ልጆች አሉህ። መክሊት ያንተን ስም ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንተ አትችለውም።» እምቢ እንዳይላቸው እጁን ይዘው አስማሉት። ማለላቸው። ዛሬ ያን መሐላ እያፈረሰ ነው። በአንድ ሕይወት ሁለት ጊዜ ቃሉን በላ፤ ይህች ሁለተኛዋ ግን ትቆጨው እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። መክሊትንም ጠይቋታል። «ካላነበብኩት ማን ያነበዋል፣ አባባ?» ነው ያለችው።

ወይዘሮ የሺሃረግ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በ82 ዓመታቸው ዐረፉ። ሰሎሜ ሐዋሳ ታስተምራለች፤ እናቷ ተሽሏቸዋል ተብላ ከሁለት ቀን በፊት ተመልሳ ነበር። ኃይለመስቀል ለቤተሰቡ ሁሉ «ማንም ስልክ እንዳይደውል» አለ። ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች ይዞ፣ በሰባ ስምንት ዓመቱ ያን መንገድ ተጉዞ ሐዋሳ አደረ። ሲነጋ ጎረቤቶቿን አስነሥቶ፣ ውኃ አስይዞ በሩን አንኳኳ። ሰሎሜ መጥረጊያ እንደያዘች ከፈተች፤ አጎቷን በዚያ ሰዓት ስታየው መጥረጊያው ወደቀ። ነገራት። በራሱ አፍ፣ በማለዳ፣ በአግባቡ። ሃምሳ አምስት ዓመት የዘገየች አንዲት መርዶ ናት፤ ለሌላ ሰው ሆነች እንጂ።

ወይዘሮ የሺሃረግ አንዲት ሴት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች አፍርተዋል። ወንድም አላቸው ከተባለም አንድ ወንድም ትተዋል። ከእናታቸው ጎን ልቀበር ባሉት መሠረት እነሆ ዛሬ ጥር 17 ቀን ከወይዘሮ አበራሽ አጠገብ ያርፋሉ። ሣጥኑ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ በ1963 ዓ.ም. ለእናታቸው የላኩት ነው። ሰሎሜ የያዘችው ራዲዮም ያው ነው።

የተላከ ሰው መልእክቱን ያደርሳል፤ ስለዚህ ኃይለመስቀል ዛሬ እዚህ መቃብር ላይ መልእክቱን ያደርሳል። ወይዘሮ አበራሽ ሆይ፣ ልጅሽ ነጠላና ራዲዮ ልካልሽ ነበር፤ ያስቀረው ወንዱ ልጅሽ ነው። «ከእንግዲህ ጨው መግዛት ይበቃታል» ብላሻለች። አቶ ይበልጣል ሆይ፣ ሴት ልጅዎ በእናቷ አልቀለደችም፤ አልሰማችም ነበር። የቀለደው ከወንበርዎ ኋላ የቆመው ነው።

እናንተም ወገኖች፣ አንድ ነገር ብቻ ትለመናላችሁ። ከዛሬ ወዲያ ልጅ ውኃ ቅጂ ተብላ እምቢ ስትል፣ ጎረምሳው ደቦ ሲቀር፣ «እንደ የሺሃረግ» አትበሉ። «እንደ ኃይለመስቀል ሥራ አለብኝ አልክ?» በሉ። እሱ በመንገድ ሲያልፍ ብትሉትም አይቀየምም፤ ቆሞ ይሰማችኋል።

የእህታችንን ነፍስ እግዚአብሔር ከእናታቸው ነፍስ ጋር በአንድ ገበታ ያስቀምጥልን፤ ድምፃቸውን ከሚያመሰግኑት ጋር ይደምርልን። ለእናንተ ከአሰላም ከሮቤም ደክማችሁ ለመጣችሁ፣ መርዶአችሁ በወቅቱና በወዳጅ አፍ የሚደርስላችሁ ያድርጋችሁ። አሜን።